ከማንኪራ ገደል የወጣ ጥሪ

አስከሬኑን ያገኙት የሟቹ አባት ናቸው።

ጋሽ ገብረወልድ በካፋ የማንኪራ መንደር ሰው ናቸው፤ የጫካ ቡና ለቅመው፣ ማር ቆርጠው የሚኖሩ። በዚያ ማለዳ ቀፎ ሊያዩ ወጡና ከወንዙ በላይ ያለውን ገደል ጥግ ይዘው ሲወርዱ፣ ከኮረሪማው ቅጠል መሀል ሰማያዊ ጃኬት አዩ። ጃኬቱን ያውቁታል። ልጃቸው በእምነት ከባሕር ማዶ ለብሶት የመጣ ነው።

ልጁ ቦንጋ ያደረ መስሏቸው ነበር።

ኢንስፔክተር ሠናይት ከቦንጋ ስትደርስ ጉሙ ከዛፎቹ ላይ ገና አልተነሣም። መኪናዋን መንደሩ ውስጥ ትታ የቀረውን በእግሯ ሄደች። የመንደሩ ሰው ከገደሉ አፋፍ ተኮልኩሎ ቆሟል። ታች ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሟቹና አባቱ። ሽማግሌው የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። በጋቢያቸው ጫፍ ጉንጩን ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ።

«ማንም ያልወረደላቸው ለምንድን ነው?» አለች ሠናይት፣ አፋፉ ላይ ወደቆሙት ዞራ።

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነገሯት። ትናንት አመሻሽ ላይ ከገደሉ ሥር መብራት ታይቷል። እንደ ዓይን ይርገበገባል፤ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። የሰው እሳት አይደለም፤ የሰው እሳት እንዲያ ነጭ አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ወደታየበት ሥፍራ አይወረድም። ኋላም ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሠናይት ቦንጋ ተወልዳ ያደገች ናት። እንዲህ ያለውን ወሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ አታምነውም። ቢሆንም ቁልቁል ስትወርድ ማጅራቷን ቀዘቀዛት።

በእምነት በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ እግሩ ከጭኑ ተሰብሯል። ከአፋፉ የተንሸራተተበት መስመር በቅጠሉ ላይ ይታያል። እሷን ያስደነገጣት ግን ስብራቱ አልነበረም። ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑን ጥብቅ አድርጎ አስሮበታል። ከወደቀበትም ተስቦ ሰማዩ ወደሚታይበት ገላጣ ቦታ ወጥቷል።

ይህ ሰው ወድቆ ወዲያው አልሞተም። ቆይቷል።

ስልኩ የለም። በጃኬቱ የደረት ኪስ ውስጥ ግን ከመዳፍ የማትበልጥ ቢጫ መሣሪያ ተገኘች። እንደ ሜትር የምትመዘዘው አንቴናዋ በሥርዓት ተጠቅልላ ከጎኗ ተሸጉጣለች። ኪሱ በቁልፍ ተዘግቷል።

ሠናይት የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ጣቶቹ ሁሉ በጭቃና በደም ተለውሰዋል። ቀጥላ የኪሱን ቁልፍ አየች። ንጹሕ ነው።

ኪሱን የቆለፈው ሌላ ሰው ነው።

ቦንጋ ላይ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃሉ አጭር ነበር። ደም ፈስሶታል፣ ብርድ መቶታል፤ ነፍሱ የወጣችው ሊነጋ ሲል ሳይሆን አይቀርም።

«በአመሻሹ ሰው ደርሶለት ቢሆንስ?» አለችው።

«እግሩን ያጣ እንደሆነ እንጂ አይሞትም ነበር።»

በእምነትን ቦንጋ የሚያነሣው በኩራት ነበር። የቡና ለቃሚ ልጅ፣ ተምሮ የመርከብ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ የሆነ፤ በአንድ የውጭ ኩባንያ የጭነት መርከብ ላይ የሚሠራ። ከካፋ ጫካ ወጥቶ ባሕረኛ መሆኑ ገበያው ውስጥ እንደ ተረት ይወራ ነበር። በዚህ ዓመት ለዕረፍት ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው ይላሉ። ከስቷል። የባጃጅ ጡሩምባ ያስበረግገዋል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ በድንገት «ሰማችሁ?» ይላል። ማንም ምንም አልሰማም።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያለቀሰው ኃይለመስቀል ነው። ጎልማሳ፣ ቁመተ ሎጋ፣ እዚያው ካፋ ውስጥ ያለችው የዋጫ ተወላጅ። እሱም ባሕረኛ ነው፤ በዚያው መርከብ ላይ ተራ ይዞ የሚነዳ መኮንን። በእምነትን ኩባንያው ዘንድ ያስገባው፣ ባሕር ላይም እንደ ታላቅ ወንድም የያዘው እሱ ነው። በእምነትም «ጋሼ» ነበር የሚለው። ለዕረፍትም አብረው ነው የመጡት። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ጋሽ ገብረወልድን ደግፎ አስቀመጣቸው፣ ውሃ አቀበላቸው።

ሠናይት ቢጫዋን መሣሪያ ይዛ ወደ እሱ ሄደች። ከድንኳኑ ጀርባ ቆሙ።

«ምንድን ናት ይህች፣ አቶ ኃይለመስቀል?»

«ቢከን እንላታለን። ባሕር ውስጥ የወደቀ ሰው የሚጫናት ናት።»

«ሲጫናትስ ምን ይሆናል?»

ዓይኑን ጠረገና በትዕግሥት አስረዳት። ዱሮ መርከብ የሚነዳ ሰው ራዳሩን ለብቻ፣ ካርታውን ለብቻ፣ ኮምፓሱን ለብቻ እየዞረ ነበር የሚያየው። ዛሬ ሁሉም ተጣምሮ አንድ ስክሪን ላይ ይታያል፤ መርከቡ ያለበት ቦታ፣ የባሕሩ ጥልቀት፣ በዙሪያው የሚሄዱት መርከቦች ከነስማቸው። አደጋ ሲቀርብ መሣሪያው ራሱ ይጮኻል። ሰው ባሕር ውስጥ ወድቆ ይህችን ከተጫነ ደግሞ እዚያው ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል፤ መርከቡም ዞሮ ያነሣዋል።

«እዚህ ማንኪራ ውስጥ ቢጫናትስ?»

«ማን ይሰማዋል፣ ኢንስፔክተር?» አለ በሐዘን ፈገግ ብሎ። «መርከብ የለ።»

ልጁ በወደቀበት ዕለት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ዋጫ፣ እናቱ ቤት እንደነበረ ነገራት። እሷም አመስግናው ተመለሰች።

ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ሌላ ነበር። ኑዕማን ይባላል፤ በቦንጋ ገበያ ዳር ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን ነጋዴ። እኅቱ ካውሰርና በእምነት እንደሚዋደዱ ከተማው ያውቃል። ኑዕማን በጠራራ ፀሐይ የበእምነትን ኮሌታ ጨምድዶ «ሁለተኛ ከደጄ ባይህ እገድልሃለሁ» ሲለው የሰማው ብዙ ነው። ከአስከሬኑ ላይ የጠፋውም ስልክ ነው። የሠናይት አለቃ በተገናኙ ቁጥር «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሏታል።

አስያዘችው።

«ዝተህበታል?»

«ዝቼበታለሁ።»

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም።»

«የት ነበርክ?»

«ጂማ፣ ዕቃ ላመጣ። ሹፌሩን ይጠይቁ። ያደርኩበትንም ቤት ይጠይቁ።»

ጠየቀች። ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሲለቀቅ ግን ኑዕማን ወዲያው አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ አመነታ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ከጠቡ በኋላ በእምነት ብቻውን ወደ ሱቁ መጥቶ እንደነበረ አጫወታት። ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ግን አስቀድሜ የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ፤ ሊያሳስረኝም ይችላል፤ እስክወጣ ለሌላ አትስጧት ብሎ ለመነው። ኑዕማን ልቡ ተነካ። የሃይማኖቱ ነገር ገና አልዋጥ ቢለውም እጁን ጨብጦ ሸኘው።

«ምን ጉዳይ ነው ብዬ ስጠይቀው ካውሰር ታውቃለች አለኝ» አለ። «እኔ ልጠይቃት አልደፈርኩም። እርስዎ ይጠይቋት።»

ካውሰር የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ለቅሶው ቤት ሄዳ ልትቀመጥ አልቻለችም፤ ሚስቱ አይደለች፣ እጮኛው ተብላ አልተነገረላት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመደርደሪያው ኋላ ደርቃ ተቀምጣለች። ሠናይት የበእምነትን ስም ስትጠራላት፣ ሰው እስኪጠይቃት ስትጠብቅ የኖረች ያህል መናገር ጀመረች።

መርከቡ ዓሣ አጥማጆች በሚበዙበት ባሕር እያለፈ ነበር። የማስጠንቀቂያው ደወል አላፋታ አለ፤ ለእያንዳንዱ ጀልባ ይጮኻል። ተራ የያዘው መኮንን ተማረረ። በእምነትን አስጠርቶ ድምፁን አጥፋልኝ አለው። በእምነት እምቢ አለ። ሰውዬው ደግሞ ለመነው። ፊት የማይነሡት ሰው ስለነበረ በእምነት ሽቦውን ነቀለለት። ከዚያ በኋላ አደጋው ስክሪኑ ላይ መታየቱ ብቻ ቀረ፤ ሰውዬው ደግሞ ድካም አሸንፎት እንቅልፍ ወስዶታል። በእምነት ታች ሥራው ላይ ሳለ የመርከቡ ሆድ አንድ ነገር ሲፍቅ ተሰማው። ሮጦ ወጣ። ከመርከቡ ኋላ በአረፋው መሀል የተሰባበረ እንጨት አየ፤ የሚውለበለቡ እጆችም አየ። እየሮጠ ወደ ላይ ወጥቶ እንዲያቆም ሰውዬውን ለመነው።

መርከቡ አልቆመም።

«ከዚያ ወዲህ ደወሉን ይሰማዋል» አለች ካውሰር። «ያን የነቀለውን። ቁጭ ብለን ስናወራ እንኳ ይሰማዋል። ሄጄ ራሴን ካልከሰስኩ አይተወኝም ይላል።»

«የመኮንኑን ስም ነገረሽ?»

«ጠይቄው ነበር። ‹እንጀራ የበላሁት በእሱ ነው፤ መጀመሪያ ራሱ እንዲናገር ልለምነው› አለኝ።»

ሠናይት ቢጫዋን መሣሪያ አወጣች። ካውሰር ስታያት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህችን ከመርከቡ አልተሰጠችውም አለች፤ ከዚያ ጉዞ በኋላ ራሱ የገዛት ናት። የመርከቡ ቢከን የሚሰማት መርከብ ትፈልጋለች፤ ይህች ግን ሰማይ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ነው የምትነጋገረው። «የአባቴ ጫካ ውስጥ ሆኜ ብጫናት እንኳ ዓለም ይሰማል» ብሎ ስቆ ነበር። አብረውት የሚሠሩትም ይህን ያውቃሉ።

ሠናይት መንገድ ላይ ወጥታ ቆመች። ሚኒባሶቹ ጂማ፣ ጂማ እያሉ ይጣራሉ። በጆሮዋ የሚመላለሰው ግን ከድንኳኑ ጀርባ የሰማችው ነው፤ ማን ይሰማዋል፣ መርከብ የለ። ዕድሜውን በባሕር ያሳለፈ ሰው የመሣሪያዋን ዓይነት ይስታል? ወይስ እሷ እንድትሳሳት ፈልጎ ነው?

ወደ አዲስ አበባ ደወለች። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየመሯት ቆይተው በመጨረሻ እንዲህ ያለውን የነፍስ አድን ጥሪ የሚቀበል ሰው አገኘች። ሰውዬው ጥያቄዋን ሲሰማ መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ ያስታውሰው ጀመር። አዎ፤ ልጁ በወደቀበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ከውጭ አገር መልእክት ደርሶ ነበር፤ የአንድ ባሕረኛ ቢከን ከካፋ ጫካ ውስጥ እየተጣራች ነው የሚል። ባሕረኛ ካፋ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ግራ ገባቸው። ለመንቀሳቀስ ሲያስቡ ሁለተኛ መልእክት መጣ። ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል።

«ማን ዘጋው?»

«ቢከን የገዛ ሰው፣ ጥሪ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ያስመዘግባል። ለዚያ ሰው ደውለውለታል። ‹ልጁ አጠገቤ ነው፣ ሲነካካት በስህተት በርታ ነው› ብሏቸዋል። አመሻሽ ላይም ጥሪው ቆመ። እንዳለው አጠፋት ብለው ተውት።»

«ባትሪዋ አልቆ ቢሆንስ?»

«አያልቅም። ቀንና ሌሊት መብራቷ እየተርገበገበ ትቆያለች። ሰው ነው ያጠፋት።»

የተደወለለትን ሰው ስም ከውጭ አስመጥቶ በማግስቱ ሊነግራት ቃል ገባላት።

እስከዚያ መቀመጥ አልሆነላትም። ማንኪራ ወጣች። ጋሽ ገብረወልድ ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ እሳቸው ቀና ብለው አያዩም። ሠናይት አጠገባቸው ተቀመጠች። በካፊኖኖ ነበር የሚያወሩት።

እሳቸውም መብራቱን አይተውት ነበር። አመሻሽ ላይ በር ሊዘጉ ሲወጡ ከገደሉ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ሲል አዩት። እግራቸው ወደዚያ አንድ ጊዜ ተራመደ። ከዚያ አባቶቻቸው ያሉት ትዝ አላቸውና ተመለሱ። አማትበው በሩን ዘጉ። ልጃቸው ቦንጋ መሆኑን አስበው፣ በዚህ መንገድ አለመምጣቱም ደስ አሰኛቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «ያ መብራት ምን ነበር?»

ሠናይት ብዙ ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት አይታ ጠይቃለች። ለዚህ ጥያቄ ግን ዓይኗን ወደ ጉሬዛዎቹ አሸሸች። ገና እያጣራን ነው አለቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ፊቷን አይተው አውቀውት ነበር።

በማግስቱ ስሙ መጣ።

ኃይለመስቀልን ዋጫ፣ እናቱ ቤት አገኙት። ሻንጣው ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል፤ ወደ መርከቡ ሊመለስ ነው። ቦንጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲያመጡት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ሠናይት መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«በዚያ ዕለት የት ነበሩ?»

«ዋጫ፤ ነግሬዎታለሁ።»

«ከውጭ አገር ስልክ ተደውሎልዎታል?»

ዓይኑን ከመሣሪያዋ ላይ አነሣ።

«በእምነት ይህችን ሲገዛ፣ አደጋ ሲደርስበት ለማን እንዲደወል እንዳስመዘገበ ያውቃሉ?»

መሣሪያዋን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻት።

«ለአባቱ አይደለም። አባቱ ስልክ የላቸውም። ለአንተ ነው ያስመዘገበው።»

ኃይለመስቀል ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ዝናቡ አባራ። ኋላ ሁሉንም አወጣው።

ዋጫ አልነበረም። በእምነት ማንኪራ ድረስ አስጠርቶት፣ ገደሉን ይዘው እየተራመዱ ነበር። በእምነት ለመነው፤ ጋሼ፣ አብረን እንናገር፤ ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ እኔም እታሰራለሁ፤ እነዚያ ሰዎች እኮ የሚፈልጋቸው አለ። ኃይለመስቀል በሚመጣው ጉዞ ካፒቴን ሊሆን ነው። ዋጫ ያንን ቀን ትጠብቃለች፤ እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። የተኛበትና ሰው የገደለበት ነገር ከወጣ ግን ባሕርም አገርም የለውም። ዝም በል አለው። በእምነት ዝም አልልም አለ። ኃይለመስቀል ጃኬቱን ጨብጦ ነቀነቀው። በእምነት ሊያስለቅቅ ሲስብ የረገጠው እርጥብ አፈር ከዳውና ወደቀ።

ከአፋፉ ሆኖ ጠራው። መልስ የለም። ሞቷል ብሎ ሸሸ።

ቦንጋ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ፣ ጓደኛህ የጭንቅ ጥሪ እያሰማ ነው፣ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ያን ጊዜ መኖሩን አወቅህ» አለች ሠናይት።

«አወቅሁ።»

«እና?»

«ደህና ነው አልኳት።»

ከዚያ ተመለሰ። መብራቷ እየተርገበገበች ሰው እንዳትጠራ ፈርቶ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ግን መብራቷን ፈርተው መንገዱን ለቀውለት ነበርና ማንም አላየውም። ቢከኗን አጠፋት፤ ኔትወርክ ያገኘ እንደሆነ ልጁ ሌላ ሰው እንዳይጠራ ስልኩን ወስዶ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ቢከኗ ከአስከሬኑ ላይ ከታጣች ግን ያነጋግራል፤ በኪሱ ከተገኘች ልጁ እንዳልነካት ይቆጠራል ብሎ አንቴናዋን ጠቅልሎ፣ ቁልፉን ቆልፎ ሄደ። ኪስ መቆለፍ የባሕረኛ ልማድ ነው።

የሰጠው ቃል በመንግሥት በኩል ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የተጋጨበትን ቦታ ከነመስመሩ በቃሉ ያውቀው ነበር። በአንድ ሩቅ ጠረፍ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ልጆቹ ይመጣሉ ብሎ ባሕር ባሕር ሲያይ የከረመ፣ በዚያ ወር ለቅሶ ተቀመጠ። ካውሰር ይህን ከሠናይት ስትሰማ መደርደሪያውን ተደግፋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ኑዕማንም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ፍርድ ቤቱ ኃይለመስቀልን በከባድ የሰው ግድያ ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ዳኛው እንዳሉት የቀጡት ልጁ ለመውደቁ አይደለም፤ ኃይለመስቀል ተመልሶ ሄዶ ላደረገው ነው።

ጋሽ ገብረወልድ ችሎቱን ሁሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር የሰሙት። አማርኛው ያመለጣቸው ቦታ ሳይኖር አይቀርም። ሲያበቃ በሠናይት ፈቃድ ወደ እስረኛው ቀረቡ። አጃቢዎቹ ገለል አሉላቸው። ሽማግሌው በካፊኖኖ ጠየቁት፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም።

«ስትደርስ ምን አለህ?»

ኃይለመስቀል መሬት መሬት አየ።

«‹ጋሼ፣ መጣህ› አለኝ። ‹ደወሉልህ አይደል› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹ሰው ይዤ እመጣለሁ› አልኩት።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«እንግዲያው አንተን ሲጠብቅ ነው ያደረው» አሉ።